ለመከላከያ ታንጾ ለማሰሪያ የዋለ ምሽግ፦ የካይሮ ቀልዓና ግንቦቹ

በመድረሳዎቻችንም ሆነ በመስጂድ ደርሶቻችን የሶላሁዲን አል-አዩቢ ስም ሲነሳ ሁለት ነገሮች ተከትለው ይነሳሉ፤ አንደኛው የቁድስ መመለስ፣ ሁለተኛው በካይሮ ከተማ ራስጌ የቆመው ታላቅ ምሽግ ነው። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩም ብዙ ደረሳ ሱልጣኑ ከዚያ ምሽግ ሆኖ የመስቀል ጦረኞችን እንደተዋጋ አድርጎ ይይዘዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ሶላሁዲን ግንባታውን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1176 (572 ዓ.ሂ.) ነው። በ1182 ወደ ሻም ከወጣ በኋላ ግብጽን ዳግመኛ አላያትም፤ በ1193 በደማስቆ ሲሞት ምሽጉ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። የመስቀል ጦረኞችም ከዚያ ቅጥር ሥር ሰፍረው አያውቁም። ምሽጉ የተከበበባቸው ጊዜያት ጥቂት ባይሆኑም ከባቢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው መንግሥት አሚሮች ነበሩ።

እንግዲህ ጠላትን ከውጭ ለመግታት የተሠራ ግንብ ጠላቱ ሳይመጣ ሲቀር ምን ሲሠራ ኖረ? ይህን ጥያቄ ያነሳነው የሱልጣኑን ክብር ለማሳነስ አይደለም፤ አላህ ይዘንለት። ጥያቄው የሚያስፈልገው የቀልዓው እውነተኛ ታሪክ ከቅጥሩ ውጭ ሳይሆን ከቅጥሩ ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ነው። በዚያ ግንብ ውስጥ ከወጡት ይልቅ እንዳይወጡ የተደረጉት ይበዛሉ፤ ከእነርሱም መካከል ምርኮኞች፣ በገንዘብ የተገዙ ልጆች፣ ኸሊፋዎችና ዓሊሞች ይገኛሉ። ከዚያው ቅጥር ውስጥ ደግሞ ቁርአን ሲቀራ፣ ፊቅህ ሲነበብ ኖሯል።

ዐረቦች ስፍራውን ቀልዐቱል ጀበል፣ ማለትም የተራራው ምሽግ ይሉታል። የቆመው ከሙቀጠም ተራራ በተወረወረ የዐለት ጉብታ ላይ ሲሆን በስተ ሰሜን ፋጢሚዮች የቆረቆሯትን አል-ቃሂራን፣ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ የቀደመችውን ፉስጣጥን ቁልቁል ያያል። አል-መቅሪዚ (1364–1442) ስለ ግብጽ ሰፈሮችና ሕንጻዎች በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ ስለ ቦታው አመራረጥ የሚነገረውን ሲያወሳ፣ በከተማው ውስጥ የተሰቀለ ሥጋ በአንድ ቀንና ሌሊት ሲበላሽ በዚያ ጉብታ ላይ የተሰቀለው ግን ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት እንደቆየ፣ ሱልጣኑም በዚህ ምክንያት ቦታውን እንደመረጠው ይናገራል። ታሪኩ ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ይሁንና ሁለቱን ከተሞች በአንድ ቅጥር ለማጠር ለሚያስብ የጦር ሰው ያን ጉብታ ለመምረጥ ሥጋ መስቀል የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ሥራውን የመራው የሱልጣኑ ታማኝ አገልጋይ የነበረው አሚር በሃኡዲን ቀራቁሽ ነው። ለግንባታው በጊዛ የነበሩ ትንንሽ ፒራሚዶች ፈርሰው ድንጋያቸው እንደተጋዘ ይነገራል። ጉልበቱ ከየት መጣ ለሚለው ደግሞ የዐይን ምስክር አለን። ከአንደሉስ ለሐጅ የወጣው ኢብን ጁበይር በ1183 ካይሮ ሲደርስ ግንባታውን ተመልክቷል፤ ድንጋይ የሚጠርቡት፣ የሚያጓጉዙት፣ ዐለት ፈልፍለው ጥልቅ ቦይ የሚቆፍሩት የመስቀል ጦረኞች ወገን የሆኑ ምርኮኞች እንደነበሩና ቁጥራቸውም ከመቆጠር በላይ እንደነበረ ጽፏል። ባብ አል-ሙደረጅ ከሚባለው በር በላይ የተቀረጸው የ579 ዓ.ሂ. ጽሑፍ የሱልጣኑን፣ የወንድሙን የአል-ዓዲልንና የቀራቁሽን ስም ይጠራል። ምርኮኞቹን አይጠቅስም፤ በዚያ ዘመን በየትኛውም ወገን ምርኮኛን በድንጋይ ላይ የሚጠቅስ አልነበረም።

በምሽጉ ውስጥ ከዐለቱ ተፈልፍሎ የተቆፈረው የውኃ ጉድጓድ እስከ ዛሬ ቢኢር ዩሱፍ ይባላል። ጥልቀቱ ወደ 90 ሜትር ይጠጋል፤ በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነው። በሬዎች በዐለቱ ውስጥ በተጠማዘዘው መንገድ እስከ እኩሌታው ድረስ ወርደው የታችኛውን መዘውር ያዞሩ ነበር፤ ከዚያ የወጣውን ውኃ ደግሞ ከላይ ያሉት በሬዎች ይስቡታል። ስሙን የሰሙ ሰዎች ከነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ጉድጓድና ወህኒ ጋር ሲያገናኙት ኖረዋል፤ ጎብኚዎችን የሚመሩ ሰዎችም ዘመናት ሙሉ ይህንኑ ሲያወሩ ቆይተዋል። ዩሱፍ ግን የሶላሁዲን የገዛ ስሙ ነው፤ ዩሱፍ ኢብን አዩብ። መምህራን ይህን ስህተት ማረም ይገባናል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ከዚህ ምሽግ ጋር ጉድጓድንና ወህኒን አብሮ ማሰቡ፣ በስሙ ቢሳሳትም፣ ቀጥሎ ከሚመጣው ታሪክ አንጻር ሲታይ እጅግ የራቀ አይደለም።

ቀልዓው የመንግሥት መቀመጫ የሆነው በሶላሁዲን ወንድም በአል-ዓዲልና በልጁ በአል-ካሚል ጊዜ ነው። አል-ዓዲል ከ1207 ገደማ ጀምሮ የቀደሙትን ክብ ግንቦች በወፍራም ግንብ አለበሳቸው፤ በአራት ማዕዘን የታነጹ ግዙፍ ማማዎችም ጨመረ። እያንዳንዱ ማማ፣ በዐረብኛ ቡርጅ የሚባለው፣ በውስጡ ክፍሎች፣ መተላለፊያዎችና የቀስት መወርወሪያ ቀዳዳዎች ያሉት ለብቻው መዋጋት የሚችል ትንሽ ምሽግ ነበር። አል-ካሚል በ604 ዓ.ሂ. ከከተማው ቤተ መንግሥት ወደ ተራራው ወጥቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ለስድስት ምዕተ ዓመታት ተኩል ግብጽን የገዛ ሁሉ ከጥቂቶች በቀር መቀመጫው እዚያ ሆነ።

የማማዎቹ አገልግሎት የተለወጠው በማምሉኮች ዘመን ነው። ሱልጣን አል-መንሱር ቀላውን (1279–1290) ከሰርከስና ከአስ ወገን ከተገዙት ባሪያ ወታደሮች መካከል 3,700 ያህሉን መርጦ በምሽጉ ቡርጆች ውስጥ እንዳኖራቸው አል-መቅሪዚ ጽፏል። ቡርጂያ የተባሉትም ከዚህ የተነሳ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1382 በርቁቅ ዙፋኑን ሲይዝ የጀመረውን ሥርወ መንግሥት የታሪክ ጸሐፊዎች የቡርጆች መንግሥት ይሉታል። አንድ መንግሥት በመሥራቹ ወይም በነገዱ ስም ሲጠራ የተለመደ ነው፤ ልጆቹ በታጎሩበት ማማ ስም መጠራቱ ግን ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል።

ስለ ልጆቹ አስተዳደግ አል-መቅሪዚ የተወልን ገለጻ ለእኛ ለመምህራን በተለይ የሚጠቅም ነው። ነጋዴው ልጁን ባመጣ ጊዜ ሱልጣኑ ገዝቶ ከወገኖቹ ጋር ያኖረዋል፤ ለጠዋሺም፣ ማለትም ለጃንደረባ ተቆጣጣሪ፣ ያስረክበዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ቁርአን ነው። ለእያንዳንዱ ጓድ በየቀኑ የሚመጣ ፈቂህ ይመደባል፤ እርሱም ኪታቡን ያስቀራል፣ ጽሕፈትን ያስተምራል፣ የሸሪዓን አደብ፣ ሶላትንና ዚክርን ያለማምዳል። ልጁ ከፍ ሲል ከፊቅህ ጥቂት ይነበብለታል። የጦር ትምህርት፣ ቀስትና ጦር፣ የሚጀመረው ለአቅመ አዳም ሲደርስ ነው። ጥፋት ሲገኝበት፣ ከአደብም አንዱን ሲያጓድል፣ ቅጣቱ ብርቱ ነበር። አል-መቅሪዚ ይህን ሲተርክ በናፍቆት ነው፤ ምክንያቱም በእርሱ ዘመን ሥርዓቱ ላልቶ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች እየተገዙ ያለ ተርቢያ ወደ ሠራዊቱ ይገቡ፣ በከተማው ውስጥም እንደልባቸው ይኖሩ ነበር። እርሱ የአገሪቱን ውድቀት ከዚህ ጋር ያያይዘዋል።

ይህ ገለጻ በተርቢያ ላይ በሚጻፉ ጽሑፎች ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ እኛም ራሳችን በትምህርት ቅደም ተከተል ላይ ስንናገር ጠቅሰነዋል። ቅደም ተከተሉ በእርግጥ መልካም ነው። የተማሪው ሁኔታ ግን ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ያ ልጅ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዋጋው ተቆርጦ የመጣ ነው፤ የሚማርበትም ክፍል ጠላት ላይ ቀስት ለመወርወር የተሠራ ማማ ነው። ነጻ የሚወጣው ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። አንዳንዱ ሱልጣን ሆኗል፤ አብዛኛው ግን ስሙ አልተመዘገበም። ስለ ጠዋሺዎቹም ዝም ማለት አይገባንም። ከእነርሱ መካከል ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ነበሩ። በዚያው ምሽግ በሱልጣኑ ጽሕፈት ቤት ያገለገለው ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ (1301–1349) ስለ ሐበሻ ሙስሊም አገሮች ባጠናቀረው ምዕራፍ ልጆች ወሽሉ በተባለ ስፍራ እንደሚኮላሹና ከዚያ ወደ ሐድያ ተወስደው እንደሚታከሙ፣ የሚተርፉትም ጥቂቶች እንደሆኑ መዝግቧል። በካይሮ ማማ ውስጥ የሰርከስ ልጅ ቁርአን ሲቀራ በትሩን ይዞ የሚቆመው ሰው የተነጠቀው ከእኛ አገር ሊሆን ይችላል። እርሱም ቢሆን ባሪያ ነው።

ወደ እስረኞቹ እንለፍ። ባግዳድ በ1258 በሞንጎሎች እጅ ከወደቀች በኋላ ሱልጣን በይበርስ የዐባሲዮችን ኺላፋ በካይሮ አቋቋመ። በ661 ዓ.ሂ. (1262) በይዓ የተፈጸመለት አል-ሓኪም ግን ብዙም ሳይቆይ በቀልዓው ውስጥ በሚገኝ ቡርጅ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ከሰው ጋር መገናኘትም ተከለከለ። የምእመናን መሪ የሚለው ማዕረግ በኹጥባ ይነሳል፣ ባለማዕረጉ ከግንቡ አይወጣም። ወደ ከተማው ወርዶ እንዲኖር የፈቀደለት ሱልጣን ላጂን (1296–1299) ነው። የልጁ የአል-ሙስተክፊም ዕጣ ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ ሱልጣን አን-ናሲር ሙሐመድ ኢብን ቀላውን በ1336 ገደማ በቡርጅ ውስጥ አሰረው፣ ቀጥሎም ከነቤተሰቡ በላይኛው ግብጽ ወደምትገኘው ቁስ አጋዘው፤ በ740 ዓ.ሂ. እዚያው ሞተ። አገራችን ይህን ዓይነቱን ነገር አታጣውም፤ አምባ የሚለው ቃላችን መሸሸጊያ የሆነውንም፣ የነገሥታት ልጆች የታሰሩበትን ግሸንንም በአንድነት ይጠራል።

ከማማዎቹ የከፋው ጁብ የሚባለው ጉድጓድ ነበር። በቀላውን ዘመን በ681 ዓ.ሂ. ለአሚሮች ማሰሪያ የተዘጋጀ፣ ጨለማው የበረታ፣ የሌሊት ወፍ የሞላበት፣ ሽታው የማይቻል ስፍራ እንደነበር ተጽፏል። ከሻም የተጠራው ሸይኽ ኢብን ተይሚያ በ705 ዓ.ሂ. (1306) ረመዷን በቀልዓው በቃዲዎችና በአሚሮች ፊት ቀርቦ በአላህ ባሕርያት ጉዳይ ተከሰሰ። በመጀመሪያ ለጥቂት ቀናት በቡርጅ ታሰረ፤ በዒዱ ሌሊት ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ወደ ጁብ ተወሰደ። የወጣው በ707 ዓ.ሂ. ረቢዐል አወል ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ማለት ነው። በአገራችን ዓሊሞች መካከል በእኚህ ሸይኽ አቋሞች ላይ ያለው ልዩነት የታወቀ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ልንገባበት አልፈለግንም። ልብ እንዲባልልን የምንሻው ሌላ ነገር ነው። የዕውቀት ክርክር በዕውቀት ወንበር መልስ ሳያገኝ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የተከሰሰው ብቻ ሳይሆን ከሳሾቹም ክርክሩን ሳይቋጩ ይቀራሉ። የሆነውም ይኸው ነው፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ያከራክራል፣ ጁቡ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ አልቆየም።

አን-ናሲር ሙሐመድ በ729 ዓ.ሂ. (1329) ጁቡን በአፈር አስሞላው። ለጥገና ወደ ውስጥ የወረደው የሕንጻ ሥራ ኃላፊ ያየው ነገር አስደንግጦት እንደነበርና ወሬው ከሱልጣኑ ዘንድ እንደደረሰ አል-መቅሪዚ ይተርካል። ከተደለደለው አፈር በላይም ለማምሉኮች ማደሪያ ክፍሎች ተሠሩ። ፈቂሁ በየጧቱ እየመጣ የሚያስቀራባቸው ክፍሎች ማለት ናቸው። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ከእግሩ ሥር ምን እንደነበረ ያውቅ ነበር?

ይኸው ሱልጣን በምሽጉ ውስጥ መስጂድ አሠርቷል፤ በ718 ዓ.ሂ. (1318) ተመርቆ በ735 እንደገና ሰፍቶ ታንጿል። ዐምዶቹ ከፈርዖኖች፣ ከሮማውያንና ከቤተ ክርስቲያን ፍርስራሾች የተሰበሰቡ ናቸው፤ የሁለቱ ሚናራዎች ጫፍ ደግሞ በፋርስ ባለሙያዎች ልማድ በሸክላ ንጣፍ ተለብጧል። መስጂዱ ባለቀ ጊዜ ሱልጣኑ በውስጡ ተቀምጦ የካይሮንና የፉስጣጥን ሙአዚኖች፣ ኸጢቦችና ቃሪዎች አስጠርቶ አንድ በአንድ ካደመጠ በኋላ ኸጢቡንና ሃያ ሙአዚኖችን ራሱ መርጧል። ኸሊፋውን ያሰረውና ኸጢብ ለመምረጥ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው አንድ ሰው ነው። የታሪክ መምህር ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ቢያስተምር ይቀለዋል፤ ግን አን-ናሲርን አያስተምርም።

ወደዚሁ ምሽግ ደጅ ከአገራችንም አቤቱታ ደርሷል። አል-ዑመሪ ስለ ኢፋትና ስለ ሌሎቹ ሙስሊም አገሮች የጻፈውን ከነገሩት አንዱ ሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ነበሩ። ሸይኹ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በነገሠበት ዘመን (1314–1344) አካባቢ፣ የዐምሐራው ንጉሥ መልእክተኛ ካይሮ በመጣበት ወቅት፣ በሱልጣኑ ደጅ እየተመላለሱ የእስክንድርያው ፓትርያርክ በሙስሊሞች አገር ላይ የሚደርሰው በደል እንዲቆም ለንጉሡ እንዲጽፉ ደክመዋል። ትእዛዙ ወጥቶ ፓትርያርኩ ደብዳቤውን እንደጻፉም አል-ዑመሪ ይመሰክራል። የሙስሊም ሸይኽ፣ ማምሉክ ሱልጣንና ክርስቲያን ፓትርያርክ በአንድ ደብዳቤ ላይ ተገናኝተዋል። እኒህ ሸይኽ ባይናገሩ፣ ያ ጸሐፊም ባይጽፍ ስለዚያ ዘመን ኢፋት የምናውቀው እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር። አል-ዑመሪም ጸሐፊ መሾምን በተመለከተ ከሱልጣኑ ጋር ተጋጭቶ ተሽሯል፣ ታስሯልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። ሱልጣን ሰሊም በ1517 ካይሮን ሲይዝ የቤተ መንግሥቱና የመስጂዱ እብነ በረድ ተነቅሎ ወደ ኢስታንቡል ተጫነ። የዑስማንያ ጓዶች፣ እንክሺሪያና ዐዘብ፣ ምሽጉን ተከፋፍለው ሰፈሩበት፤ የሱለይማን ፓሻ መስጂድ በ1528 ለዚሁ ሠራዊት የተሠራ ነው። ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ በማርች 1 ቀን 1811 ልጁን ወደ ሒጃዝ የሚያዘምትበትን በዓል ምክንያት አድርጎ የማምሉክ አለቆችን ወደ ቀልዓው ጋበዛቸው፤ ሲመለሱ በባብ አል-ዐዘብ ጠባብ መተላለፊያ በሩ ተዘጋባቸውና ከግንቡ ላይ በጥይት አለቁ። ሟቾቹ አምስት መቶ ያህል እንደነበሩ ይገመታል። አንዱ በፈረሱ ከግንቡ ዘልሎ አመለጠ የሚለው ተረት በሰፊው ይነገራል፤ ተረት ነው። በ1824 የባሩድ ግምጃ ቤቱ ፈንድቶ ብዙ ሕንጻ ወደመ፤ የማምሉኮች አዳራሽ በነበረበት አካባቢም ፓሻው ዛሬ ከሩቅ የሚታየውን በዑስማንያ ስልት የታነጸ መስጂድ ከ1830 ጀምሮ አሠራ። ኸዲቭ ኢስማዒል በ1874 ወደ ዐብዲን ሲወርድ የመንግሥት መቀመጫነቱ አበቃ።

እንግሊዞች በ1882 ገብተው እስከ 1946 ሰፈሩበት። የአን-ናሲር መስጂድ በዘመኑ መጋዘንም እስር ቤትም ሆኖ አገልግሏል። ሱልጣኑ ኸጢብ በመረጠበት ወለል ላይ እስረኛ ተኝቷል። የወደቀው ጉልላት ታድሶ መስጂዱ ወደ ቀድሞ መልኩ የተመለሰው በሃያኛው ምዕተ ዓመት ነው። ከእንግሊዞች በኋላ የግብጽ ሠራዊት ተረከበው፤ የቀልዓው እስር ቤትም የፖለቲካ እስረኞች የሚያዙበት ሆኖ ቀጠለ፤ ከእነርሱም መካከል ዳዒዎችና ዓሊሞች ነበሩ። የካይሮ ጥንታዊ ክፍል በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1983 ምሽጉ ታድሶ ለሕዝብ ሲከፈት እስር ቤቱ የፖሊስ ሙዚየም አካል ሆነ፤ ክፍሎቹም ለጎብኚ ዕይታ ቀርበዋል። ከዚያ በጥቂት እርምጃ ርቀት የአን-ናሲር መስጂድ ሁለት ሚናራዎች ይታያሉ።